አራት ምጣድና አንድ የተገዛ ፊርማ፦ ኬንያ ውስጥ ስለ ኤሌክትሪሽያን ፈቃድ የተማርነው

ነጋዴ ሲገናኝ ወሬው የታወቀ ነው። ሞያሌ ላይ ጭነት ስንት ቀን ቆመ፣ ሽልንግ በስንት ተመነዘረ፣ በርበሬ ጨመረ ወይስ ቀነሰ። ስለ ሽቦና ስለ ብሬከር የሚያወራ የለም። እኛም አናወራም ነበር። ሁለት እህትማማቾች ነን፤ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ ሽሮ፣ በርበሬና እንጀራ እንሸጣለን። የዛሬ ሁለት ዓመት በፋሲካ ዋዜማ ሱቃችን ከመቃጠል የተረፈው ለጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ይጠይቀናል፦ "እኔም ምጣድ ላስገባ ነው፣ ማንን ላሠራ? ፈቃድ የሚባለው ነገር የግድ ነው?" ለእያንዳንዱ ቆመን ከማስረዳት አንድ ጊዜ እንጻፈው አልን። የሚያሳፍረንን ክፍልም አንደብቅም፤ እሱ ከወጣ ታሪኩ ጎዶሎ ይሆናል።

ምጣዶቹ የመጡ ጊዜ

አራቱን የኤሌክትሪክ ምጣዶች የገዛናቸው አዲስ አበባ ነው። በሞያሌ በኩል አሳልፈን፣ በጭድና በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ሳይሰበሩ ኢስሊ ደረሱ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። የተከራየነው ሱቅ ውስጥ የቀድሞው ተከራይ ሲወጣ ቆጣሪው ተነስቶ ስለነበር መስመሩ እንደ አዲስ መዘርጋት ነበረበት።

ለዚህ የጠራነው የአጎታችንን ልጅ ነው። ተወልዶ ያደገው ወላይታ ሶዶ ነው። በቴክኒክና ሙያ ተምሮ፣ የሲኦሲ ፈተናውን አልፎ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆቴል፣ ወፍጮ ቤትና ትምህርት ቤት ሲዘረጋ የኖረ ልጅ ነው። እጁን እናውቀዋለን። አንድ ቀን እንኳ የዘረጋው ነገር ሲበላሽ አላየንም። ስለዚህ "ፈቃድ አለህ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ለእኛ እንደ ስድብ ነበር።

ልጁ መጥቶ መስመሩን አየና ራሱን ነቀነቀ። "እትዬ፣ ይሄ ሲንግል ፌዝ ነው፤ አራት ምጣድ አይችልም" አለ። ከካርቶን ላይ ቁራጭ ቀዶ በማርከር አሰላልን። አንዱ ምጣድ በ220 ቮልት 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። ኬንያ ውስጥ የሚመጣው ግን 240 ቮልት ነው። የምጣዱ ሽቦ ያው ሆኖ ቮልቱ ሲጨምር የሚስበውም ይጨምራል፤ 3.5 የነበረው ወደ 4.2 ኪሎ ዋት ይጠጋል። ይህ ለአንድ ምጣድ 17 አምፔር ግድም ነው። አራቱ ሲደመሩ 70 ይደርሳሉ። ለሱቁ የሚገባው መስመር ደግሞ 60 አምፔር ነው።

"ስሪ ፌዝ አስገቡ፤ እስከዚያ ግን ከሁለት በላይ በአንድ ጊዜ አይበራም" አለን። ካርቶኑን ገልብጦ በትልቁ "ከሁለት በላይ አይበራም!" ብሎ ጻፈበትና ግድግዳው ላይ ለጠፈው።

ፊርማውን የገዛንበት ቀን

ስሪ ፌዝ ለማስገባት ስንጠይቅ ነገሩ ረዘመብን። ማመልከቻ፣ ክፍያ፣ ደረጃው ከፍ ያለ ፈቃድ ያለው ኮንትራክተር፤ ሁሉም ጊዜ የሚበላ ሆነ። ፋሲካ ደግሞ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። አከራያችን ሐጂ "ፈቃድ ባለው ሰው የተፈረመ ወረቀት ካላመጣችሁ መብራት አይገባም" ብለው ቁርጡን ነገሩን። አቅራቢውም ያለዚያ ወረቀት ቆጣሪ አይመልስም።

አንድ ደላላ መጣ። "ለዚህ ነው የምትጨነቁት? እኔ ፊርማ አመጣላችኋለሁ" አለ። በማግስቱ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞ መጣ። የፈረመው ሰው ሱቃችንን አላየም። ሽቦውን አልነካም። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጥቂት አምፖልና ጥቂት ሶኬት ብቻ ነው፤ ምጣድ የሚል ቃል የለበትም። ከፈልን። ቆጣሪው ተመለሰ። እንደ ብልህ ነጋዴ ስድስት ሳምንት ያተረፍን መስሎን ነበር።

የአጎታችን ልጅ ወረቀቱን ሲያይ ምንም አላለም። በኋላ እንደነገረን ያኔ የተሰማው ንዴት አይደለም፤ ሥራውን ሌላ ሰው በስሙ ሲፈርምበት ማየት ነው የከበደው።

የዋዜማው ሌሊት

ለፋሲካ ወደ ዘጠኝ መቶ እንጀራ ታዘዝን። በሁለት ምጣድ እንደማይደርስ ገባን። አርብ ሌሊት ሦስተኛውን አበራን። ምንም አልሆነም። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራተኛውን አበራን። ካርቶኑ ፊት ለፊታችን ነው። አንዳችን "ተይ፣ ልጁ የነገረንን አስታውሺ" አለች፤ ሌላዋ "ለአንድ ሌሊት ምን ይሆናል?" አለች። ማን ምን እንዳለች እዚህ አንጽፍም፤ ሁለታችንም ነን ያበራነው።

ብሬከሩ ይወድቃል ብለን ነበር። አልወደቀም። አሁን እንደተረዳነው፣ 63 የተጻፈበት ብሬከር 70 አምፔር ሲያልፍበት ወዲያው የሚወድቅ አይደለም፤ በትንሽ የበዛበትን ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ሊሸከም ይችላል። ብሬከሩ ዝም ሲል ሙቀቱ የላላ መጋጠሚያ ፈልጎ ይሄዳል። ጎህ ሲቀድ ከቆጣሪው ሳጥን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ቀጥሎ ጭስ፣ ቀጥሎ ብልጭታ። ጥበቃው ሮጦ የሕንፃውን ዋና ማጥፊያ ባያወርደው ኖሮ ይህን አንጽፍም ነበር።

ሰው አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን መስመሩ ለሦስት ቀን ጠፋ። ከአጠገባችን ልብስ ሰፊ አለ፣ ሞባይል የሚጠግን ልጅ አለ፣ የግመል ወተት የምትሸጥ እናት አለች። ወተቷ በሙሉ ተበላሸ። ከዘጠኝ መቶው እንጀራ ግማሹ ሊጥ ሆኖ ቀረ። ለፋሲካ እንጀራ ያላገኘ ሰው የሚለውን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ወረቀቱን ይዘን ፈራሚውን ፈለግነው። ስልኩ ዝግ ነው። ደላላው "እኔ አገናኘሁ እንጂ ምን አገባኝ?" አለ። ሐጂ መጥተው የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ "ፉንዲው ማነው?"

የሚያሳፍረን እዚህ ጋ ነው። "የአጎታችን ልጅ ነው የዘረጋው" አልን። ሁለት ብቻ አብሩ እንዳለን አልተናገርንም። ካርቶኑን ጥበቃው ሳያየው ከግድግዳው ላይ አነሳነው። ልጁ የሥራ ፈቃድ አልነበረውም፤ የኬንያ የሙያ ማረጋገጫም አልነበረውም። ፖሊስ ሊጠራ ነው ሲባል ሰምቶ በዚያው ዕለት ከቤታችን ወጣ። አሥራ አንድ ቀን የት እንደሚያድር አላወቅንም። እናቱ ከሶዶ እየደወለች "ልጄን ስጡኝ" ስትል የምንመልሰው አጣን።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ካርቶኑን ይዘን ሐጂ ዘንድ ሄድን። ሁሉንም ነገርናቸው፤ ምጣዶቹን፣ ደላላውን፣ ሌሊቱን። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ካርቶኑን አዩትና "ፉንዲያችሁ ነግሯችኋል፤ እናንተ ናችሁ ያልሰማችሁት" አሉ። የወተቷን፣ የልብስ ሰፊውንና የቆጣሪውን ሳጥን ዋጋ ከፈልን። ልጁ ከአንድ ዘመድ ቤት ወጥቶ መጣ፤ ይቅርታ ጠየቅነው። ይቅር አለን፤ ግን በሳምንቱ ወደ ሶዶ ተመለሰ።

ፈቃድ ያላት ሴት ስትመጣ

ሐጂ ራሳቸው አንዲት ኮንትራክተር አመጡልን። ኬንያዊት ናት። ሽቦ ከመንካቷ በፊት ፈቃዷን አወጣች፤ ቁጥሩን እንድናይ፣ በስልክም እንድናጣራ ነገረችን። ከዚያ መለኪያዎቿን ከፈተች።

ያን ዕለት ያየነው ነገር ስለ ፈቃድ ያለንን ሐሳብ ለወጠው። የልጁን ሥራ አይታ "ይህን ማን ሠራው? ንጹሕ እጅ ነው" አለች። ሽቦው በልኩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ምጣድ የብቻው መስመርና የብቻው ብሬከር አድርጎለታል። ሶኬት ላይ አልሰካቸውም፤ የኬንያው ባለ ሦስት ጥርስ መሰኪያ በውስጡ 13 አምፔር ፊውዝ ስላለው 17 አምፔር የሚስብ ምጣድ እንደሚያቃጥለው ያውቃልና። ከዚያ ግን የመሬት መስመሩን ስትለካ መርፌው አልተንቀሳቀሰም። የሕንፃው የቆየ የመሬት ዘንግ ከግድግዳው ሥር ተበልቶ ተቆርጧል። በዓይን አይታይም። በእጅ አይታወቅም። የምጣዱ ብረት ኮረንቲ ቢይዝ የሚወስደው መንገድ አልነበረውም፤ መንገዱ የጋጋሪዋ እጅ ይሆን ነበር።

የአጎታችን ልጅ ይህን አላወቀም፤ ሊያውቅ የሚችልበት መለኪያም አልነበረውም። ፊርማ የሸጠልን ሰው መለኪያው ቢኖረውም አልመጣም። ኮንትራክተሯ እንደነገረችን ማጠናቀቂያ ወረቀቱ ላይ መፈረም ማለት ይህንን ሁሉ ለክቻለሁ፣ ነገ አንድ ነገር ቢሆን የምጠየቀው እኔ ነኝ ማለት ነው። እኛ የገዛነው ወረቀት ውስጥ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

አዲስ የመሬት ዘንግ ተከለች፤ ሰው ሲነካ ቶሎ የሚቆርጥ ባለ 30 ሚሊ አምፔር መከላከያ አስገባች፤ በስሪ ፌዝ አስመዘገበችን። ሰባት ሳምንት ፈጀ። ለማትረፍ ከሞከርነው ስድስት ሳምንት በአንድ ብቻ ነው የሚበልጠው።

ሕጉ በአጭሩ

ኬንያ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ፈቃድ የሚሰጠው የኢነርጂና ነዳጅ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ነው፤ ሰው ሁሉ "ኤፕራ" ይለዋል። በ2019 በወጣው የኢነርጂ ሕግ ነው የተቋቋመው፤ ከዚያ በፊት ሥራው የኢነርጂ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ነበር። ዝርዝር አሠራሩ ከ2006ቱ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ደንብ የመጣ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አንደኛው የባለሙያው የግል ማረጋገጫ ነው፤ ሰውየው ሥራውን እንደሚችል ይመሰክራል። ሁለተኛው የኮንትራክተር ፈቃድ ነው፤ ሥራ ተረክቦ፣ አስጀምሮ፣ ጨርሶ የሚፈርመው ይህ ያለው ነው። ማረጋገጫ ያለው ሠራተኛ በኮንትራክተር ሥር ሆኖ ይሠራል፤ በራሱ ስም ሥራ ሊረከብ ከፈለገ ሁለተኛውም ያስፈልገዋል።

ምድቦቹ ከታች ወደ ላይ ሲ 2፣ ሲ 1፣ ቢ፣ ኤ 2 እና ኤ 1 ናቸው። ሲ 2 ለሲንግል ፌዝ ሥራ ነው። ስሪ ፌዝ ከሆነ ከዚያ ከፍ ያለ ምድብ ይጠይቃል። የእኛ ሱቅ በአራት ምጣድ ምክንያት ከሲ 2 አቅም በላይ ነበር፤ ማለትም እውነተኛ የሲ 2 ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ ሊፈርምልን አይገባም ነበር።

ብዙ ጊዜ የምንጠየቃቸው

"ከኢትዮጵያ ሲኦሲ አለኝ፤ ኬንያ ውስጥ ያሠራኛል?"

በቀጥታ አያሠራም። ሲኦሲው ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። ሦስት በር አለ፤ በሦስቱም ማለፍ ያስፈልጋል። አንደኛው የሥራ ፈቃድ ነው። ኢትዮጵያዊ ያለ ቪዛ ኬንያ መግባት ይችላል፤ መግባትና መሥራት ግን የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው የትምህርት ማስረጃውን ማስገመት ነው፤ ከውጭ የመጣ ማስረጃን የሚመለከተው የኬንያ ብሔራዊ የብቃት ባለሥልጣን ነው። በልምድ ብቻ የተማረ ሰው ደግሞ ኒታ በሚባለው ብሔራዊ የኢንዱስትሪ ሥልጠና ባለሥልጣን የሙያ ፈተና መቀመጥ ይችላል፤ ፈተናው ከደረጃ 3 ጀምሮ ወደ 1 ከፍ ይላል። ሦስተኛው በር ኤፕራ ነው። ሲኦሲያችሁን፣ የትምህርት ውጤታችሁንና የሠራችሁባቸውን ቦታዎች ደብዳቤ ሁሉ አስተርጉማችሁና አስመስክራችሁ ያዙ። የልምድ ደብዳቤ ሳይዝ ድንበር የተሻገረ ሰው አሥር ዓመቱን እዚያው ትቶ እንደመጣ ይቆጠራል።

"በኢትዮጵያስ ሲኦሲ ብቻውን ይበቃል?"

ሲኦሲ የሙያ ብቃት ምዘና ነው። የኤሌክትሪክ ሥራ ደግሞ በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት ከተቆጣጣሪው አካል የብቃት ማረጋገጫ ይፈልጋል። ድሮ ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባል የነበረው አሁን የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ሆኗል። የአጎታችን ልጅ አሥር ዓመት ሲሠራ ሲኦሲ ብቻ ነበረው፤ የጠየቀው ሰውም አልነበረም። አገር ቤት የማይጠየቅ ነገር ድንበር ማዶ ሲጠየቅ ሰው የተናቀ ይመስለዋል። ለዚህ ነው እዚያው እያላችሁ ጨርሱት የምንለው።

"የገዛ ሱቄ ነው፤ ራሴ ብዘረጋ ማን ይከለክለኛል?"

አምፖል መቀየር፣ የተቃጠለ የመሰኪያ ፊውዝ መተካት የማንም ሥራ ነው። አዲስ መስመር መዘርጋት፣ ማከፋፈያ ሳጥን መክፈት፣ ከቆጣሪ ማገናኘት ግን ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው፤ ያለ ፈቃድ መሥራት በኬንያ ሕግ ያስጠይቃል። ሕጉን ለጊዜው ብንተወው እንኳ፣ በኢስሊ ሕንፃ ውስጥ "የገዛ ሱቄ" የሚባል መስመር የለም። የእኛ ጭስ የጎረቤታችንን ወተት አበላሽቷል።

"ፈቃዱ እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?"

ኤፕራ ፈቃድ የሰጣቸውን ባለሙያዎችና ኮንትራክተሮች ዝርዝር ለሕዝብ ያወጣል። ስሙንና የፈቃድ ቁጥሩን ጠይቃችሁ ራሳችሁ ፈልጉ። አራት ነገር እዩ፦ ስሙ ከመታወቂያው ጋር ይገጥማል? ምድቡ ለእናንተ ሥራ ይበቃል? የሚያበቃበት ቀን አልፏል? ሰውየው ራሱ ይመጣል ወይስ ወረቀቱ ብቻ? ቅር የሚለው ባለሙያ አይገጥማችሁም፤ እኛ የገጠመችን ሳንጠይቃት ነው ያሳየችን።

"ሥራው ሲያልቅ ምን ልቀበል?"

የማጠናቀቂያውን ምስክር ወረቀት ቅጂ ተቀበሉ። በላዩ የተጻፈው ጭነት ሱቃችሁ ውስጥ ካለው ጋር መግጠሙን አንብቡ። አራት ምጣድ ካላችሁ አራት ምጣድ መጻፍ አለበት። "አምፖልና ሶኬት" የሚል ወረቀት ይዛችሁ ምጣድ ብታበሩ፣ እሳት ቢነሳ ወረቀቱ የሚመሰክረው በእናንተ ላይ ነው።

"ሶላር ከሆነስ?"

እሱም ፈቃድ አለው። በ2012 የወጣው የኬንያ የሶላር ደንብ ቴክኒሻኖችን በሦስት ይከፍላል፤ ቲ 1 ለአነስተኛ፣ ቲ 2 ለመካከለኛ፣ ቲ 3 ለትልልቅና ከዋናው መስመር ጋር ለሚገናኙ። የቤት ኤሌክትሪክ ፈቃድ ያለው ሁሉ ሶላር ይሠራል ብላችሁ አታስቡ፤ የሶላሩን ለብቻው ጠይቁ። በሶላር ምጣድ አበራለሁ ለምትሉም አንድ ምጣድ ወደ 4 ኪሎ ዋት እንደሚስብ አትርሱ።

"ካምፓላ ወይም ዳሬሰላም ብንሄድ የኬንያው ይሠራል?"

እያንዳንዱ አገር የራሱ ነው። ኡጋንዳ ውስጥ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን፣ ታንዛኒያ ውስጥ ኢውራ የሚባለው ተቆጣጣሪ የየራሳቸውን ምድብ ይሰጣሉ። የፊደሎቹ መመሳሰል አያታላችሁ፤ የአንዱ "ሲ" ከሌላው "ሲ" ጋር አንድ አይደለም።

"ከአዲስ አበባ ምጣድ ሳመጣ ለባለሙያው ምን ልንገር?"

ምጣዱ ላይ የተጻፈውን ዋትና ቮልት ፎቶ አንሱ። ስንት ምጣድ በአንድ ጊዜ እንደምታበሩ እውነቱን ንገሩት፤ የዓውዳመቱን ሌሊት ቆጥራችሁ እንጂ የአዘቦቱን አይደለም። ፍሪጅና ወፍጮ ካላችሁ ጨምሩ። ለባለሙያ መዋሸት ለሐኪም እንደመዋሸት ነው።

ከሶዶ የተደወለ ስልክ

ባለፈው ዓመት የአጎታችን ልጅ የብቃት ማረጋገጫውን አወጣ። አሁን በራሱ ስም ይሠራል። ኮንትራክተሯ ደግሞ ንጹሑን እጅ አልረሳችም፤ "ወረቀቱን አሟልቶ ከመጣ እኔ ዘንድ ሥራ አለው" ብላናለች። ደብዳቤውን እኛ ነን የላክንለት። የሥራ ፈቃዱ ጉዳይ ገና አላለቀም፤ ክፍያውም ቀላል አይደለም። ያልቃል ብለን አንምልም። ግን በዚህ ጊዜ የምንሄደው በፊት ለፊቱ በር ነው።

አንድ ማታ ስልክ ላይ ስናወራ ያው የድሮ ቅሬታችን መጣና "እንዲያው ኮረንቲው ራሱ ከእናንተ አገር ተነስቶ ኬንያ ይገባል፤ አንተ ግን አትገባም" አልነው። እውነት ነው፤ ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ሱስዋ የሚደርሰው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኬንያ ከኅዳር 2015 ጀምሮ በዚያ መስመር 200 ሜጋ ዋት መግዛት ጀምራለች። ሞያሌ ውስጥማ የኬንያው ወገን ለዓመታት ከኢትዮጵያ በሚመጣ መብራት ሲጠቀም ኖሯል።

ልጁ ሳቀ። "እትዬ፣ እሱም እኮ እንዲሁ አይገባም። ሶዶ ላይ በአንድ ጣቢያ ተለውጦ ነው የሚወጣው፤ ሱስዋ ሲደርስ በሌላ ጣቢያ እንደገና ተለውጦ ነው አምፖል የሚያበራው። በሁለቱም ጫፍ ይለካል፤ ውልም አለው። እኔም ሶዶ ላይ ያለውን ጨርሻለሁ። የቀረኝ የሱስዋው ነው" አለ።

ካርቶኑን መልሰን ግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል። አሁን በስሪ ፌዝ አራቱም ምጣዶች አብረው ስለሚበሩ ጽሑፉ አይሠራም። ደንበኞች "ከሁለት በላይ አይበራም ይላል፣ እናንተ አራት አብርታችሁ?" እያሉ ይስቃሉ። ኮንትራክተሯ ከጎኑ ስሟን፣ የፈቃድ ቁጥሯንና የለካችበትን ቀን ጽፋ ለጥፋለች። ልጁ ሲመጣ ካርቶኑን ራሱ እንዲያወርደው ትተነዋል።